መጽሐፍ በስንት እጅ ይጻፋል?

ደብረ ማርቆስ ከተማ መሀል ቆመው «ፍቅር እስከ መቃብርን ማን ጻፈው?» ብለው ቢጠይቁ መልሱን ለማግኘት ሊቅ መፈለግ አያሻዎትም። ፊደል ያልቆጠረው እንኳ «ሐዲስ ዓለማየሁ ነዋ! የኛው የእንዶዳሙ!» ይልዎታል። ጥያቄውን አንድ እርምጃ ገፋ አድርገው «ይኸ መጽሐፍ ከደራሲው እጅ ወጥቶ እንዴት እገበሬው ጆሮ ደረሰ? በመንገዱ ላይ የማን የማን እጅ ነካው?» ቢሉ ግን ዝምታ ነው። ስለ ደራሲ መጠየቅ ለምደናል፤ ስለ መጽሐፍ ጉዞ መጠየቅ ግን አልለመደብንም።

ይህን ነገር ያነሣነው ለወሬ ማሟሻ አይደለም። የዚችን መጽሔት ጽሑፎች የምንመርጥ፣ የምናርም፣ በማባዣ እያባዛን የምናድል እኛው ተማሪዎች ነን። አንድ ጊዜ አንድ ጓደኛችን ግጥም ሰጠን። ግጥሙ ጥሩ ነበር፤ ስቴንስሉ ግን ሞላብን። ታዲያ ምን አደረግን? ደራሲውን ሳንጠይቅ የመጨረሻዎቹን አራት መስመሮች ቆርጠን አወጣነው። ልጁ ዕትሙን ካየ በኋላ «የቀረው እኮ ልቡ ነበር» አለንና ሄደ። ከዚያ ወዲህ ጽሑፍ አላመጣልንም። ማረም ማለት ምን እንደሆነ አለማወቃችንን ያወቅነው ያን ቀን ነው። ይህ ጽሑፍም የመጣው ከዚያ እፍረት ነው።

የምንለው ባጭሩ ይኸ ነው፤ መጽሐፍ በአንድ እጅ አይጻፍም። አንዱ እጅ የደራሲው ነው። ሁለተኛው እጅ መርጦ የሚቀበለው፣ አቅንቶ የሚያወጣው፣ ለሰው የሚያደርሰው ነው። በዛሬ ቋንቋ አርታኢ እንለዋለን። ቃሉ «አርትዐ» ከሚለው የግእዝ ግሥ የመጣ ነው፤ አቀና፣ ቀጥ አደረገ ማለት ነው። ርትዕና ርቱዕ ከዚያው ቤት ናቸው። ልብ በሉ! ቃሉ ማቅናትን እንጂ መቁረጥን አልተናገረም። ስሙ ለኛ አዲስ ይመስላል፤ ሥራው ግን በጎጃም ደጋ ላይ የቆየ ነው። እስቲ ከሥር እንነሣ።

፩. የቅኔ ቤቱ እርማት

የጎጃም ደጋ የመጽሐፍ አገር ነው። ደብረ ኤልያስ፣ ደብረ ወርቅ፣ ዲማ ጊዮርጊስ፣ መርጡለ ማርያም፣ ዋሸራ፣ ጎንጅ… እነዚህን ስሞች ሰምቶ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ ከሩቅ አገር በእግሩ ያልመጣ ተማሪ የለም ማለት ይቻላል።

የቅኔ ተማሪ ሲያወጣ ሲያወርድ ይውላል፤ ቅኔ ይቆጥራል። የቆጠረውን ይዞ ወደ አስነጋሪው ወይም ወደ መምህሩ ይቀርብና ይነግራል። ጀማሪው ከሁለት ቤቷ ከጉባኤ ቃና ይነሣል፤ ደረጃ በደረጃ እስከ መወድስ ይወጣል። ሰሚው ጆሮውን ጥሎ ያዳምጣል። ቤቱ መታ ወይስ ሳተ? ዜማው ሄደ ወይስ ሰበረ? ግሡ ከባለቤቱ ጋር ተስማማ? ሰሙ ወርቁን ተሸክሞታል ወይስ መንገድ ላይ ጥሎታል? ያልተቃናውን ይመልሰዋል፤ ተማሪውም ሄዶ እንደገና ያስባል። ወረቀት የለም፣ ቀይ ቀለም የለም። ሥራው ግን ያው የአርታኢ ሥራ ነው። ጥሩ አስነጋሪ የራሱን ቅኔ በተማሪው አፍ አይከትም፤ ተማሪው ሊለው የፈለገውን ፈልጎ እንዲያገኝ ያደርገዋል እንጂ።

መምረጡም በዚያው አለ። ቅኔ ለዕለቱ ነው፤ ዛሬ የተባለው ነገ እንዲደገም አይጠበቅም። ያማረው ግን በሰሚው ልብ ይቀራል፤ ከጉባኤ ወደ ጉባኤ፣ ከመምህር ወደ ተማሪ ይሄዳል። ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1918 ዓ.ም. «መጽሐፈ ቅኔ»ን ሲያሳትሙ፣ መልአከ ብርሃን አድማሱ ጀምበሬም በ1963 ዓ.ም. «ዝክረ ሊቃውንት»ን ሲያሳትሙ፣ የሰበሰቡት በብዙ ጆሮ ተጣርቶ የቀረውን ነው። የመጀመሪያው አርታኢ ጉባኤው ነበር። እነሱ ሁለተኛዎቹ ናቸው።

ከቅኔ ቤት ወደ ብራናው እንለፍ። በብራና ዘመን በአንድ መጽሐፍ ላይ ሁለት ሰዎች በስም ይጠቀሳሉ፤ ጸሐፊውና አጻፊው። ጸሐፊው መቃ ብዕሩን ቀርጾ፣ ጥቁሩንና ቀዩን ቀለም በጥብጦ የሚጽፈው ነው። አጻፊው ደግሞ ወጪውን ችሎ «ይኸ ይጻፍልኝ» የሚለው ነው። አንድ ትልቅ መጽሐፍ የብዙ ፍየልና በግ ቆዳ ይበላል። ቆዳው ይወጠራል፣ ይፋቃል፣ ይሰመራል። እንዲህ ያለ ወጪ ባለበት ማንም ያገኘውን ሁሉ አያስጽፍም፤ ይመርጣል። ጸሐፊው ሲስት በቢላዋ ይፍቃል፤ የዘለለው ቃል ካለ ምልክት አድርጎ በመሥመሩ አናት ወይም በኅዳጉ ይጨምራል። የተጻፈው ከጥንቱ ቅጂ ጋር ይመሳከራል። በመጨረሻ ይደጎሳል፣ ማኅደር ይሰፋለታል፣ ለደብር ይሰጣል፣ በጉባኤ ይነበባል። መቀበሉ፣ ማቅናቱ፣ ማድረሱ፣ ሦስቱም በዚህ ውስጥ አሉ።

አንድ ነገር ግን ሸፋፍነን አንለፍ። አጻፊ የሚሆነው ሀብትና ሥልጣን ያለው ነው። ስለዚህ ምን ይጻፍ የሚለውን የሚወስነው ጌታው ነበር። ገባሩ በሬውንና ማሩን አቀረበ እንጂ ታሪኩን አላስጻፈም። የቀድሞው ሁለተኛ እጅ የሠለጠነ እጅ ነበረ፤ የሁሉ እጅ ግን አልነበረም። የሚቀጥለው ታሪካችን ይህን ይበልጥ ያሳያል።

፪. ሰባ ዓመት አርታኢ ያጣው የጎጃም ታሪክ

ራስ አዳል በ1873 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው ሲነግሡ ደብረ ማርቆስ፣ የቀድሞዋ መንቆረር፣ የቤተ መንግሥት ከተማ ሆነች። በዚያ ግቢ ያደጉ አንድ ሰው ነበሩ፤ አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ። የተወለዱት ከዓባይ ማዶ በሆሮ ጉድሩ ነው። ገና ልጅ ሳሉ በዘመቻ ተማርከው ወደ ጎጃም መጡ። ተማሩ፣ ሥዕልም ሣሉ፣ ብዕርም ጨበጡ። ነገሩን እስቲ እናስበው፤ የጎጃምን የትውልድ ቆጠራና ታሪክ በሰፊው የጻፈልን ሰው፣ የጎጃም ጦር ከማዶ ማርኮ ያመጣው ሕፃን ነው።

አለቃ ብዙ ሰምተዋል፤ ያዩትም ብዙ ነው። ሽማግሌ የነገራቸውን፣ በግቢ ያስተዋሉትን፣ ከጽሑፍ ያገኙትን አንድ ላይ አድርገው ጻፉ። የእጁ ጽሑፍ ግን ወደ ማተሚያ ቤት አልሄደም። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተቋቁሞ ነበር። ከደብረ ማርቆስ እስከዚያ ያለው መንገድ ግን የዓባይን በረሃ መሻገር ብቻ አልነበረም። መጽሐፍን ከደራሲ እጅ ተቀብሎ «ይኸ ይታተም» የሚል ሰው ያስፈልገው ነበር። እሱ ታጣ።

ስለዚህ ጽሑፉ በእጅ እየተገለበጠ ኖረ። በእጅ የሚገለበጥ የትውልድ ቆጠራ ደግሞ ምን እንደሚገጥመው የታወቀ ነው። ገልባጩ ይደክመዋል፣ መሥመር ይዘላል፤ አንዱ ስም ይጠምበታል፣ ሌላው ይጎድልበታል። ርስት በዘር በሚቆጠርበት አገር አንድ ስም መጉደሉ ወይም መጨመሩ ተራ ስሕተት አይደለም፤ መሬት ነው።

በመጨረሻ ሁለተኛው እጅ መጣ። ዶክተር ሥርግው ገላው ጽሑፉን ከማብራሪያ ጋር «የኢትዮጵያ ታሪክ» በሚል ርእስ በ2002 ዓ.ም. አሳተሙት። ግርማ ጌታሁንም የጎጃሙን ዜና መዋዕል አርመው፣ ወደ እንግሊዝኛ ተርጉመው፣ በማስታወሻ አብራርተው በ2014 እ.ኤ.አ. አወጡት፤ ያሳተመው የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ነው፣ ለብሪቲሽ አካዳሚ። ጽሑፉ ከጣሊያን ወረራ በፊት የተጻፈ ነውና ከሰባ ዓመት በላይ ጠብቋል ማለት ነው።

የዚህ ዓይነት አርታኢ ሥራ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ቀላል ይመስለዋል። የተለያየውን ቅጂ ጎን ለጎን አድርጎ ቃል በቃል ማስተያየት አለበት። የትኛው ንባብ የደራሲው፣ የትኛው የገልባጩ ስሕተት እንደሆነ መፍረድ አለበት። የጠፋ ቀበሌ ስም፣ የተረሳ ማዕርግ፣ የተዛባ ዓመት እያንዳንዱ ማብራሪያ ይጠይቃል። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ደራሲውን «እዚህ ላይ ምን ማለትዎ ነው?» ብሎ መጠየቅ አይችልም፤ ደራሲው አርፏል። ቁጭቱም እዚህ ላይ ነው። አለቃ በሕይወት ሳሉ አንድ የሚጠይቅ ሰው አጠገባቸው ቢቀመጥ ኖሮ፣ በአንድ ከሰዓት የሚመለሰው ጥያቄ ዛሬ የሊቃውንትን ዓመታት ይወስዳል። ዘግይቶ የመጣ አርታኢ መጽሐፉን ያድነዋል፤ ደራሲው ጋር ያለቀውን መልስ ግን መልሶ አያመጣውም።

፫. ራሱን ያረመ ደራሲ

ከደብረ ማርቆስ ሳንርቅ ወደ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት እንሂድ። ሐዲስ ዓለማየሁ እዚያ በ1902 ዓ.ም. ተወለዱ። የቄስ ልጅ ናቸው። በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት አለፉ። ቀጥሎ አዲስ አበባ ሄዱና በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተማሩ፤ ገና ተማሪ ሳሉ ተውኔት ጻፉ። ጣሊያን ሲመጣ ከልዑል ራስ እምሩ ጋር ዘመቱ፤ ተማርከው ዓመታት በጣሊያን አገር ታሰሩ። ከነፃነት በኋላ በውጭ ጉዳይ፣ በአምባሳደርነት፣ በሚኒስትርነት አገለገሉ። በ1948 ዓ.ም. «ተረት ተረት የመሠረት»ን አወጡ። «ፍቅር እስከ መቃብር» በብርሃንና ሰላም ታትሞ ሲወጣ 1958 ዓ.ም. ነው፤ ደራሲው ሃምሳ ስድስት ዓመታቸው ነበር።

በዚያ ዘመን ማተሚያ ቤት እንጂ አሳታሚ የሚባል ነገር እምብዛም አልነበረም። የሁለቱን ልዩነት ብዙ ሰው አይለየውም። ማተሚያ ቤት የመጣለትን ያትማል፤ ፊደል ለቃሚው ይለቅማል፣ አራሚው ፕሩፉን ያያል፣ ሒሳቡ ይከፈላል፣ አለቀ። አሳታሚ ግን ከመታተሙ በፊት ያነባል፣ ይመርጣል፣ ከደራሲው ጋር ይከራከራል፣ ከታተመም በኋላ መጽሐፉን ገበያ ይዞለት ይወጣል። ያን የሚያደርግ በሌለበት አገር ደራሲው ሁሉንም ራሱ መሆን አለበት።

ሐዲስ ራሳቸውን ምን ያህል እንዳረሙ ለማየት ከአምስት መቶ ገጽ በላይ የሆነውን መጽሐፍ ገልጦ ፊደሉን ማየት ብቻ ይበቃል። የአማርኛ አጻጻፍ እንዲሻሻል የሚሟገቱ ሰው ነበሩ። በንባብ ጠብቆ የሚነገረውን ፊደል ለመለየት በአናቱ ላይ ነጥብ አደረጉበት። «አለ» እና «አለ» በጽሑፍ አንድ ናቸው፤ በአፍ ግን አንዱ ይላላል አንዱ ይጠብቃል። ይህን ለአንባቢ ለማሳወቅ በየገጹ ነጥብ መዝራት! ፊደል ለቃሚው ምን እንዳለ እንጃ። ልማዱ በሌሎች ዘንድ አልሰፋም፤ የደራሲውን ጥንቃቄ ግን ይመሰክራል። ይህን ዓይነቱን ጥንቃቄ እኛ ከቅኔ ቤቱ ጋር እናያይዘዋለን። ማጥበቅና ማላላት ሲሳሳት ቅኔ በሚፈርስበት ጉባኤ ያደገ ሰው ለአንዲት ድምፅ ቢጨነቅ አይደንቅም።

የልብ ወለዱ ዓለምም ያው የደጋው ዓለም ነው። በዛብህ ማንኩሳ ላይ ይወለዳል፤ ለቤተ ክርስቲያን የተሳለ ልጅ ነው፤ ይማራል። ዲማ ላይ የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ሰብለ ወንጌል ትጠብቀዋለች፤ የቤተ ዘመዱ «እብድ» ጉዱ ካሣም እዚያው አለ። ዛሬ እኛ ስናነበው አንዳንድ ቦታ ይረዝምብናል። የጉዱ ካሣ ክርክር በተለይ ገጽ ይፈጃል። እስቲ እንደኛ ያለ መቀስ የያዘ አራሚ በ1958 አጠገባቸው ቢኖር ምን ያደርግ ነበር ብለን አሰብን። «ይኸ ሰውዬ ወሬ ያበዛል፣ ፍቅሩን ያዘገያል፣ ይውጣ» ይል ነበር! እንግዲህ ዛሬ መጽሐፉን ከፍቅር ታሪክነት አልፎ የባላባቱ ሥርዓት መስተዋት ያደረገው ማነው? ጉዱ ካሣ ነው። ልቡ እሱ ነበር። የጓደኛችን አራት መስመሮች እዚህ ላይ ትዝ አሉን።

ከዚህ የምንማረው አርታኢ አያስፈልግም ማለትን አይደለም። ሐዲስ ሐዲስ ስለሆኑ ተሳካላቸው። ራሱን በእንዲህ ያለ ጭካኔ የሚያርም ደራሲ በየቀኑ አይወለድም። የምንማረው፣ ሁለተኛው እጅ ከመቁረጡ በፊት ልቡ የት እንዳለ መፈለግ እንዳለበት ነው።

፬. የወጋየሁ ድምፅ

መጽሐፉ ታተመ። ማን አነበበው? በ1958 ዓ.ም. ማንበብ የሚችለው ሕዝብ ጥቂት ነው። መጽሐፍ መሸጫው ከተማ ውስጥ ነው። የማንኩሳ ገበሬ ስለ ማንኩሳ የተጻፈውን በምን ዓይኑ ያየዋል?

መንገዱ የተከፈተው በሌላ ሰው ነው። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው ዝግጅት ተረከው። ዘመኑ 1970ዎቹ ነው፤ በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀምሮ አዋቂው ሁሉ ፊደል መቁጠር የያዘበት ጊዜ። ፊደሉ ገና በመንገድ ላይ ሳለ ድምፁ ቀድሞ ደረሰ። ከአንድ ሬዲኖ ዙሪያ የሚሰበሰበው ሰው ሁሉ፣ ያነበበውም ያላነበበውም፣ ባንድ ላይ አዳመጠ።

ወጋየሁ አንባቢ ብቻ ነበር የሚል ካለ እንከራከረዋለን። ፊታውራሪው ሲቆጡ በምን ድምፅ ይቆጡ? ጉዱ ካሣ ሲናገር ይቸኩል ወይስ ይረጋ? የት ላይ ትንፋሽ ይወሰድ? የት ላይ ዝም ይባል? ይህን ሁሉ የወሰነው እሱ ነው። ደራሲው በነጥብ ሊያሳዩ የደከሙበትን ማጥበቅና ማላላት ተራኪው በአንደበቱ አሳየው። በወረቀት ላይ የቆመውን አማርኛ ወደ መጣበት አፍ መለሰው። እስከ ዛሬ መጽሐፉን የሚያነብ ብዙ ሰው በጆሮው የሚሰማው የወጋየሁን ድምፅ ነው።

መጽሐፍን ማድረስ ማለት ይኸ ነው። ማስታወቂያ መለጠፍ ብቻ አይደለም፤ ሰዎቹ ያሉበትን በር ማንኳኳት ነው። ደራሲው «ወንጀለኛው ዳኛ»ን በ1974፣ «የልም እዣት»ን በ1980 ዓ.ም. ጨምረዋል። ሕዝቡ ስማቸውን ሲጠራ የሚያስቀድመው ግን ያንን በድምፅ የደረሰውን ነው። የመጽሐፉ ትልቅነት እንዳለ ሆኖ፣ የመንገዱም አስተዋጽኦ ቀላል አይደለም።

፭. ሳንሱር አርታኢ አይደለም

እዚህ ላይ «ድሮም እኮ ረቂቅ የሚያነብ ነበረ፤ ሳንሱር ነበረ አይደል?» የሚል አይጠፋም። አዎ፣ ነበረ። በንጉሡም በደርጉም ዘመን ጽሑፍ ሁሉ በሳንሱር እጅ ያልፍ ነበር። ሁለቱም ያነባሉ፣ ሁለቱም እርሳስ ይይዛሉ። ዓላማቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። አርታኢ የሚያነበው መጽሐፉ እንዲወጣ ነው፤ ሳንሱር የሚያነበው እንዳይወጣ ነው። አርታኢ «አንባቢው ይኸን ይረዳል ወይ?» ይላል፤ ሳንሱር «አንባቢው ይኸን እንዳይረዳ!» ይላል።

የጎጃሙን የአቤ ጉበኛን ታሪክ እንመልከት። አቤ የአቸፈር ልጅ ነው፤ እሱም በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደገ። በ1955 ዓ.ም. «አልወለድም»ን አወጣ። በእናቱ ማኅፀን ያለ ጽንስ ወደዚህ ግፍ ዓለም አልወጣም ብሎ ይሟገታል። መንግሥት መጽሐፉን ከገበያ ሰበሰበው፤ አቤም ኋላ በግዞት ተቀጣ። ይሁን እንጂ በብዕሩ ለመኖር ቆርጦ መጻፉን አልተወም። በ1972 ዓ.ም. እስኪያርፍ ድረስ ብዙ መጻሕፍት ጻፈ፤ በቴዎድሮስ ላይ የጻፈው «አንድ ለእናቱ» ከታወቁት አንዱ ነው። አቤን አንብቦ የሚያስርና የሚቀጣ ሞልቶ ነበር። አንብቦ «ይኸን ምዕራፍ እንደገና እንየው ወንድሜ» የሚለው ማን ነበረ?

በደርግ ዘመን ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ተቋቋመ። መጽሐፍ የሚመርጥ፣ የሚያርም፣ የሚያሠራጭ ድርጅት በመንግሥት እጅ ሆነ። አርታኢነት የሙያ ስም ይዞ ጠረጴዛ ያገኘው ያኔ ነው ማለት ይቻላል። አማረ ማሞን የመሰሉ ሰዎች የደራሲን ረቂቅ ይዘው የሚቀመጡ ባለሙያዎች ሆኑ። ያም ሆኖ ኩራዝ በ1975 ዓ.ም. ያወጣው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ወዲያው ታገደ፤ ደራሲውም በየካቲት 1976 ዓ.ም. እንደወጣ ቀረ። ይህ የሚነግረን መራራ ነገር ነው። አርታኢ መጽሐፉን ሊያቀናው ይችላል፤ መሣሪያ ከያዘ አንባቢ ግን ሊያድነው አይችልም። የቅድሚያ ሳንሱር በሕግ የተሻረው በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ ሕግ ነው። ኩራዝም ከሥርዓቱ ጋር አለፈ። ዛሬ ብዙው ደራሲ እንደ ጥንቱ ረቂቁን ታቅፎ፣ ገንዘቡን ቋጥሮ በቀጥታ ወደ ማተሚያ ቤት ይሄዳል። ሳንሱሩ ሄደ፤ አርታኢውም አብሮ የሄደ ይመስላል።

፮. በጎረቤት የሆነው

ዓይናችንን ወደ ቀሪው አፍሪካ ስናዞር ለኛ ለተማሪዎች የሚሆን ነገር እናገኛለን። የናይጄሪያው ቺኑዋ አቼቤ የመጀመሪያ ልብ ወለድ «ቲንግስ ፎል አፓርት» ለንደን ላይ በሃይነማን ድርጅት የታተመው በ1958 ነው፤ ያው የነሱ 1958 ነው እንጂ የኛ አይደለም። በመጀመሪያ የወጣው 2,000 ቅጂ ብቻ ነበር። ከ1962 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ድርጅቱ የአፍሪካ ደራስያንን ተከታታይ መጻሕፍት ማውጣት ሲጀምር አቼቤን አርታኢ አደረገው።

በዚያው በ1962 እ.ኤ.አ. ዑጋንዳ፣ ማኬሬሬ ላይ የአፍሪካ ደራስያን ተሰበሰቡ። ከመካከላቸው አንድ ተማሪ ነበረ። ይኸ ልጅ አጭር ልብ ወለዱን ያወጣው «ፔንፖይንት» በምትባል የተማሪዎች የሥነ ጽሑፍ መጽሔት ላይ ነበር። የልብ ወለድ ረቂቅ ይዞ ለአቼቤ ሰጠው። አቼቤ አነበበው፣ ለአሳታሚው አቀረበው፣ በ1964 እ.ኤ.አ. ታተመ። መጽሐፉ «ዊፕ ኖት ቻይልድ» ነው፤ ተማሪው የኬንያው ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ ነው።

ይህን ያነሣነው «እኛም ንጉጊ እንሆናለን» ብለን ለመፎከር አይደለም። ልብ እንዲባልልን የምንፈልገው ሌላ ነው። ከንጉጊ በፊት አንዲት ትንሽ የተማሪ መጽሔት ነበረች። ከመጽሔቷ ቀጥሎ ደግሞ ራሱ ሥራ የበዛበት ደራሲ ሆኖ ሳለ የአንድ ተማሪ ረቂቅ ለማንበብ ጊዜ የሰጠ ሰው ነበረ። ሁለቱ ባይኖሩ ሦስተኛው በቀላሉ አይመጣም።

፯. እኛስ?

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ለራሳችን ምን እንያዝ? ተሰብስበን ተወያየን፤ ግለ ሂስም አደረግን። ሦስት ነገር ተስማማን።

አንደኛ፣ ከእንግዲህ ያለ ደራሲው ፈቃድ አንድ መሥመር አንቆርጥም። ስቴንስሉ ከሞላ ሌላ ስቴንስል እንጨምራለን። ያልገባንን በእርሳስ «ምን ማለትህ ነው? ምን ማለትሽ ነው?» ብለን በኅዳጉ እንጽፋለን፤ እንደ አስነጋሪው መልሰን እንሰጣለን እንጂ የኛን ቃል በሰው አፍ አንከትም።

ሁለተኛ፣ የወጣውን ጽሑፍ በወረቀት ብቻ አንተወውም። በየዕትሙ አንድ ማታ ተሰብስበን ድምፃችንን ከፍ አድርገን እናነበዋለን። ወጋየሁ አይደለንም፤ ከሱ የተማርነው ግን ጆሮም በር መሆኑን ነው።

ሦስተኛውና ትልቁ ይህ ነው። ከኛ መካከል በአያቱ ሣጥን ውስጥ የእጅ ጽሑፍ የሌለበት ቤት ስንት ይሆን? የትውልድ ቆጠራ፣ የርስት ክርክር፣ የቅኔ መድበል፣ የአርበኛ ማስታወሻ… ለክረምት ወደ ቀያችን ስንመለስ ዋናውን ከባለቤቱ እጅ አናወጣም፤ ቁጭ ብለን እንገለብጣለን። ከምንም በላይ ደግሞ ጸሐፊው ወይም የሚያውቀው ሽማግሌ በሕይወት ካለ «አባባ፣ እዚህ ላይ ምን ማለትዎ ነው?» ብለን እንጠይቃለን። መልሱን ከነቀኑ እንጽፋለን። በአለቃ ተክለ ኢየሱስ ላይ የደረሰው ሰባ ዓመት በሌላ ሰው ላይ እንዳይደገም እኛ ልናደርግ የምንችለው ይኸ ነው። ዶክተር መሆን አይጠይቅም፤ አንድ ደብተር፣ አንድ እስክሪብቶና ትዕግሥት ይበቃል።

ያን ጓደኛችንንም ሄደን ይቅርታ ጠይቀነዋል። ትንሽ አስቸገረን፤ እውነት አለው። ግጥሙን ከነአራት መስመሩ በዚህ ዕትም የመጨረሻ ገጽ ላይ አውጥተነዋል። ስቴንስሉ አልበቃም፤ ሌላ ጨምረናል።